ነጩ ድንኳን በግቢያችን

ባለፈው ወር ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄጄ ነው የሸተተኝ። የሕንፃው ዘበኛ ዝናብ የመታውን የመኪና ሸራ አጥሩ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ያስመታዋል። እርጥብ ሸራ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጭቃም፣ ጆንያም፣ ትንሽ ሻጋታም ይመስላል። ለሌላ ሰው ደስ አይልም። እኔን ግን መኪና ማቆሚያው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ጓደኛዬ በስልክ «የት ቀረሽ? ሊፍቱ እኮ ይሠራል» ትለኛለች፣ እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ከዘበኛው ጋር ተፋጥጫለሁ። ሰውዬው ሸራውን ያለ ቦታው ዘርግቶ ያስቀየመኝ መስሎት ይቅርታ ይጠይቀኝ ጀመር።

ያ ሽታ የአባባ ነው። አባባ መርሻ የእናቴ አባት ናቸው። ናይሮቢ ውስጥ ለአገሬው ሰውም፣ ለእኛም፣ ለኤርትራውያኑም፣ ለሶማሌዎቹም ድንኳንና ወንበር ያከራዩ ነበር። ቤታችን እዚሁ ኪሌሌሽዋ ነበር፣ ፎቁ እንዲህ ሳይበዛ፣ ሰፊ ግቢና የአቮካዶ ዛፍ ያለው ቤት። እናቴ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ስለነበረች ዓመቱን ግማሽ በመስክ ታሳልፋለች። ስለዚህ ያሳደጉኝ አባባና ሚስታቸው እማማ አስካለ ናቸው። እዚህ የማወራው ስለ አንድ የሚያዝያ ዝናብ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ትምህርት ቤትም ለእረፍት ተዘግቷል። እማማ ናይሮቢ ውስጥ ያን ያህል ዓመት ኖረውም ዝናቡን አልለመዱትም፤ «እዚህ አገር ክረምቱ እንኳን ተሳስቶ ነው የሚመጣው» እያሉ ከሰማዩ ጋር ይጣላሉ።

አባባ ብዙ ድንኳን ነበራቸው፣ እኔ ግን የማውቀው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። ቀይና ቢጫ ሽንትር ያለው የሠርግ ነው። ነጩ የለቅሶ ነው። ፒካፓቸው ጠዋት ነጩን ጭኖ ከወጣ፣ ተከትዬ የሄድኩ ቀን፣ ድንኳኑ የተተከለበት ግቢ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ አያለሁ። ባለ ሽንትሩን ጭኖ ከወጣ ደግሞ እስክስታ ነው። ይህን ደጋግሜ አይቼ የደረስኩበት ድምዳሜ አንድ ነበር፤ ማን እንደሚያገባና ማን እንደሚሞት የሚወስኑት አባባ ናቸው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ከዚያ ነገሩ ይሆናል። በዚህ የተነሳ በናይሮቢ ከአባባ በላይ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም ነበር። ወተቴን ሳላንገራግር የምጠጣውም ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የሒሳብ አስተማሪዬ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ ነጩን ድንኳን አስቤለት፣ ወዲያው ደንግጬ በባለ ሽንትሩ ለውጬለታለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ የአባባ አሠራር ለዚህ ሐሳቤ የሚመች ነበር። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ማን እንደሞተ አይጠይቁም። ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ የመጀመሪያውን ካስማ ራሳቸው ይመታሉ፣ ድንኳኑ ቆሞ ወንበሩ እስኪደረደር ቃል አይተነፍሱም። ከዚያ በኋላ ገብተው ያለቅሳሉ። የማያውቁት ሰው ቢሆንም ያለቅሳሉ። ሰው የሌለው ሰው ሲሞት፣ ብቻውን ተሰዶ ብቻውን የኖረ፣ አባባ ድንኳኑን ተክለው አይሄዱም፤ ድንኳን ባዶውን ማደር የለበትም ብለው ከነሠራተኞቻቸው ወንበር ይዘው እስኪመሽ ይቀመጣሉ። የሠራተኞቹ አለቃ ካማው የሚባል የኪኩዩ ሰው ነበር። ከዚህ መቀመጥ የተነሳ ካማው «እግዜር ያጥናችሁ»ን ከእኔ የበለጠ አጥርቶ ነበር የሚለው።

አባባ የአንድም ሰው ለቅሶ ቀርተው አያውቁም ይባላል። ልክ አይደለም። አንድ ቀርተዋል።

ሥራውን እንዴት እንደጀመሩ ሲያወሩ «እኔና አንድ ሰው» ብለው ነበር የሚጀምሩት። እኔና አንድ ሰው ኢስትሊ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ እኔና አንድ ሰው አንድ ካፖርት በተራ እየለበስን። አንድ ቀን አብሮን የሚኖር ልጅ ሞተ፣ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆመ። እኔና አንድ ሰው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሮጌ ሸራ ለምነን፣ ሌሊቱን በመርፌ ጠቅመን፣ ጠዋት ተከልነው። ድንኳን ቤቱ የተጀመረው ያኔ ነው። እኔ «አንድ ሰው ማነው?» ስላቸው አባባ ሻይ እንዲጨመርላቸው ይጠይቃሉ። እማማ ናቸው ኩሽና ውስጥ የነገሩኝ፤ «ሃብቶም ነዋ። ስሙን መጥራት ያቃተው ሰውዬ!»

አቦይ ሃብቶም የኤርትራ ሰው ናቸው፣ አማርኛውን ልጅ ሆነው አዲስ አበባ ተምረውት ከአባባ እኩል ይናገሩታል። እናታቸው አደይ ለተብርሃን ኋላ ናይሮቢ መጥተው አብረዋቸው ኖረዋል። አባባን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት፤ ገበታ ላይ የመጀመሪያው ጉርሻ ከሃብቶም በፊት ለመርሻ ነው አሉ። ከዚያ ሁለቱ አገሮች ተጣሉ። እዚህ ናይሮቢም አብሮ ይበላ የነበረው ሰው ተከፈለ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንኳ ሰዉ ለየብቻ ይቆም ጀመር። አደይ ለተብርሃን የሞቱት በዚያ ሰሞን ነው። አባባ ምርጡን ነጭ ድንኳን ከካማው ጋር ላኩ። ራሳቸው ግን አልሄዱም። አቦይ ሃብቶም ድንኳኑን ሳይፈቱት፣ ገመዱ እንደታሰረ፣ በዚያው ፒካፕ መለሱት። የእናታቸው ለቀስተኛም ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

«ድንኳኔን ልኬያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አሉ አባባ።

«ድንኳን ያለቅሳል እንዴ?» አሏቸው እማማ።

ከዚያ ንግዱም ተከፈለ። ድንኳንና ወንበር ለአባባ፣ ድስትና ሳህን ለአቦይ ሃብቶም። ትልቅ ሠርግ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። እናም ሁለት የሸበቱ ሰዎች ባንድ ግቢ ሲሠሩ ውለው፣ አንዱ ድንኳኑን ሲያቃና አንዱ ድስቱን ሲደረድር፣ ቀና ብለው አይተያዩም። «ድስቱ በግራ ይሁን በለው» ይላሉ አባባ ለካማው። ካማው አሥር እርምጃ ሄዶ ይናገራል፣ መልሱን ይዞ ይመጣል። ደክሞት ነበር፣ ካማው።

በዚያ ሚያዝያ ዝናቡ አላቆም አለ። ኢስትሊ ያለው መጋዘን ውሃ ገባበት። ሸራ እርጥቡን ታጥፎ ካደረ ይሻግታል፣ ከሻገተ አለቀለት፤ የመጋዘኑ ግቢ ደግሞ እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። አባባ ራሳቸው ጉሮሯቸውን ታመው ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰማዩ ጥርት ሲል ከአልጋቸው ዘለው ተነሡ፣ ከካማው ጋር ትልቁን ነጭ ድንኳን አምጥተው እንዲደርቅ ግቢያችን መሀል፣ አቮካዶው ሥር፣ ተከሉት።

እኔ መስኮት ላይ ቆሜ ነጩ መሆኑን አየሁ።

«አባባ» አልኳቸው ወርጄ፣ «ባለ ሽንትሩን ቢያደርጉትስ?»

«የረጠበው ይሄ ነው፣ ሊሊዬ።»

«ግን ባለ ሽንትሩ ያምራል።»

ሳቁና ግንባሬን ሳሙኝ። የታጠበውንም ወንበር ውስጡ ደረደሩት፣ ያው እንዲደርቅ። ከዚያ የቀረውን ዕቃ ከውሃ ሊያወጡ ከካማው ጋር ወደ ኢስትሊ ሄዱ። ስልካቸውን ቁም ሣጥኑ ላይ ረስተውት ነበር። እኔ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አባባ ያስላሉ። እማማን ጉልበታቸው ያማቸዋል። እናቴ ሩቅ ናት። በመጨረሻ ቦቢ በሚባለው ውሻችን ላይ ፈረድኩ፣ አሮጌ ነው፤ ቁርሴንም ሰጠሁት።

ጉዱ የጀመረው ከአጥሩ ውጭ ነው። ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ የሰፈራችን አበሻ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሲያልፉ ከአጥሩ በላይ የድንኳኑን ጫፍ አዩ። ነጭ ነው። የመርሻ ግቢ ነው። መርሻ ሁለት እሑድ አልታዩም። ሌላ ጉዳይ ቢሆን ወርደው ይጠይቁ ነበር፣ ግን ለቅሶ ቤት ባዶ እጅህን፣ ነጠላህን ሳታዘቀዝቅ፣ ብቻህን አትገባም። ስለዚህ ቤታቸው ሄደው ስልክ ያዙ። የአባባም ስልክ ቁም ሣጥኑ ላይ ይጮህ ጀመር። የአባባን ስልክ መንካት ለእኔ ክልክል ነው፣ እማማ ጓሮ የወንበር ጨርቅ ያጥባሉ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ያልተነሣው ስልክ ለደዋዩ ሁሉ ማረጋገጫ ሆነ።

ከምሳ በኋላ በሩ ተበርግዶ ሴቶቹ ገቡ። ወይዘሮ ዘነበች ከፊት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። «ወይኔ መርሻዬ! ወይኔ የሁሉ አባት!»

እንግዲህ በእኛ ወግ የሞት ወሬ ለቤተሰብ በስልክ አይነገርም፤ ሰዎች ተሰብስበው መጥተው ነው የሚያረዱት። ለቀስተኞቹ ቤተሰቡ ያወቀ መስሏቸው ሊያለቅሱ መጡ። እማማ ግን በሳሙና እጃቸው ከጓሮ ብቅ ብለው ይህን ሲያዩ፣ መርዶ ይዘው የመጡ መሰላቸው። ባላቸው ጠዋት በመኪና ወጥተዋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው።

«በመኪና ነው? በመኪና ነው አይደል?» ብለው ጮኹ።

ወይዘሮ ዘነበች ኀዘኑ ያናወዛቸው መስሏቸው እማማን እቅፍ አድርገው አባሱባቸው። እማማ መሬት ላይ ወደቁ። የባለቤቲቱን ለቅሶ የሰማ ለቀስተኛ ደግሞ ምን ሊጠራጠር ይችላል? ግቢው ተሞላ። የደረቁትም ያልደረቁትም ወንበሮች ሰው ተቀመጠባቸው።

እኔ አላለቀስኩም። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። በድንኳኑ ጀርባ ዞሬ ካስማውን በሁለት እጄ እነቅል ጀመር። አንዱ ተነቀለ፣ የድንኳኑ ጥግ ጎበጥ አለ። ሁለተኛውን ስታገል ከኋላዬ ሰው ቆመ። ጋቢ የተከናነቡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። በየሠርጉ ከድስቶቹ መሀል ነበር የማያቸው፤ አቦይ ሃብቶም ናቸው።

«ምን ታደርጊያለሽ ልጄ?»

«ድንኳኑ ከወረደ አባባ ይመለሳሉ» አልኩ።

ሽማግሌው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። እኔን በአንድ እጃቸው ይዘው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ። ትልቅ ሰው ያን ያህል ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም፣ እኔም ያኔ ነው ያለቀስኩት። ትንሽ ቆይተው ድንጋይ አነሡና የነቀልኩትን ካስማ መልሰው መቱት። «የመርሻ ድንኳን ጎብጦ አይታይም» አሉኝ፣ ገመዱንም ሞክረው አዩት።

ከዚያ እጄን ይዘው ገቡ። ሰዉ ዞሮ አያቸው፤ ኩርፊያቸውን የማያውቅ የለም። መሀል ቆመው ጀመሩ።

«መርሻ ሓወይ፣ ወንድሜ! ካፖርቱን ተራህ ሳያልቅ የምትሰጠኝ! በርዶህ እየተንቀጠቀጥክ ሞቆኛል የምትል ውሸታም! ሰው ለሌለው ሰው የሆንክ! ልጄ ስትወለድ ሚስቴን በጭነት መኪና ሐኪም ቤት ያደረስክ፣ ከእኔ በፊት ልጄን የሳምክ! የማን ለቅሶ ቀርተህ ታውቃለህ? የእናቴ! የእናቴ ብቻ! በር በሩን እያየሁ ዋልኩ፣ መርሻ። ሰው ሲገባ ቀና እላለሁ፣ አንተ አይደለህም። እኔ ግን ያንተን አልቀረሁም፤ ይኸው መጣሁ!»

ሴቶቹ እንደ አዲስ ጮኹ። አቦይ ሃብቶም መግቢያው አጠገብ ያለች ወንበር ላይ ወድቀው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ፒካፑ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። አባባ ከበሩ ላይ ያዩት የገዛ ግቢያቸውን፣ የገዛ ድንኳናቸውን፣ ውስጡም የሚያለቅስ ሰው ነው። ከቤታቸው ሰው የሞተ እንጂ ሌላ ምን ሊመስላቸው ይችላል? ኮፍያቸውን ወርውረው፣ ጭቃ እንደለበሱ፣ ደረታቸውን እየደቁ ሮጡ።

«ኧረ ማን ነው? አስካለ ናት? ልጅቷ ናት? ንገሩኝ!» ብለው መግቢያው ላይ ያገኙት ሰው ትከሻ ላይ ወደቁ። ሰውዬው ከጋቢው ሳይወጣ አጥብቆ አቀፋቸው፣ ሁለቱም ተንሰቀሰቁ።

«ማን ነው?» አሉ አባባ።

«መርሻ ነው» አለ ጋቢው ውስጥ ያለው ሰው፣ «መርሻ ሞተብን!»

«ወይኔ! የትኛው መርሻ?»

«የኛው ነዋ! ባለ ድንኳኑ!»

አባባ ማልቀሳቸውን አቆሙ። አቦይ ሃብቶም ቀስ ብለው ጋቢውን ገለጡ። ወይዘሮ ዘነበች «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ከነወንበራቸው ተገለበጡ። እማማ ከመሬት ተነሥተው የአባባን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ አፍንጫቸውን፣ ግንባራቸውን። በእርግጥ እሳቸው መሆናቸውን ሲያውቁ ደረታቸውን በጡጫ ይደልቋቸው ጀመር። «ስልክህን ለምን ትተህ ትሄዳለህ? አንተ ሰውዬ፣ ገደልከኝ እኮ!» እኔ እግራቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቅም ብያለሁ። ካማው ወንበር ተሸክሞ ከኋላ ደረሰና፣ ግራ ገብቶት ሰዉን አየት አድርጎ፣ በስዋሂሊም በአማርኛም «ፖሌ ሳና፣ እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ዓይኑ ያበጠ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ተገልብጠው የወደቁት ወይዘሮ ዘነበች ሳይቀሩ።

ሳቁ ውስጥ ግን አቦይ ሃብቶም ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ በሩ አመሩ።

«ሃብቶም» አሉ አባባ። ያን ስም ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አቦይ ሃብቶም ቆሙ፣ አልዞሩም። «እኔ የመጣሁት ለሞተው ነው» አሉ። «ከሞተው ጋር ታርቄያለሁ። ካንተ ጋር ግን ወሬ የለኝም።»

ሳቁ ጠፋ። እኔ የአባባን ፊት ከታች ሆኜ አየሁት፤ የፈሩ ሰው ፊት ነበር። ባለሥልጣኑ አባባ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበርና ራሴ ፈራሁ። ይሄዳሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚህ በኋላ አባባ «እኔና አንድ ሰው» ማለት እንኳ ያቆማሉ ብዬ አሰብኩ።

አባባ እጄን ከእግራቸው ላይ ቀስ አድርገው አላቀቁ። «ሃብቶም፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ» አሉ። «እባክህ። ድንኳኑ ቆሟል፣ ሰዉም ተቀምጧል። ትንሽ ብቻ ቆይልኝ።» በአጠገባቸው አልፈው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ጫማቸውን በር ላይ ጥለው፣ ከግቢው ወጡ። በሩን ከውጭ ዘጉት።

 ምን እንደሚያደርጉ የገባው ሰው አልነበረም፣ እማማ ብቻ ገብቷቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ከዚያ ከመንገዱ ድምፅ መጣ።

«አደይ! አደይ ለተብርሃን!»

በሩ ተከፈተ። አባባ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ከደጅ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። «ከልጅሽ አስቀድመሽ ያጎረስሽኝ! አደይ! ልጅ አድርገሽኝ ልጅ ሳልሆንሽ የቀረሁ! ሰው ምን ይለኛል ብዬ የቀረሁ! ፊቴን ያዞርብኛል ብዬ፣ ልጅሽን ፈርቼ የቀረሁ! አደይ፣ ፊትሽ እንዴት ብዬ ልቅረብ!» ድምፃቸው የታመመ ጉሮሯቸው ላይ እየተሰበረ ግቢውን አቋርጠው መጡ። ወይዘሮ ዘነበች ሙሾውን አነሡት፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ አደይ ለተብርሃንን አይተዋቸው የማያውቁት ሁሉ ስማቸውን እየጠሩ አለቀሱላቸው። ወንዶቹ ተነሥተው ቆሙ። አቦይ ሃብቶም ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው ነበር። እናቱ የሞተችበት ልጅ ለቀስተኛ ሲቀበል እንደሚቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

አባባ ፊታቸው ደርሰው ዝቅ አሉ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ሃብቶም።»

 አቦይ ሃብቶም አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ጠረጉት።

«አሜን» አሉ። «ቆየህ እኮ፣ መርሻ።»